ከክፍልፋይ እንጀምር

ዝናብ ነበር ማታ፣ አጅፕ ስደርስ እኔ፣
ሻንጣዬን በፌስታል ጠቅልዬ ከጎኔ፤
ባለባጃጅ ዞሮ፣ «ተማሪ ነህ? አዲስ?
ስንት ዓመት ይቀራል ጋዋን እስክትለብስ?»
ፊቴን ወደ መስኮት… መስኮት አልነበረም፤
ሸራ ነው፣ ያፈሳል። እሱም አልደገመም።

እናቴ ለዕድሯ «ገባልኝ» ብላለች፣
ቅቤ ገዢዋ ሁሉ ሰምታ መርቃታለች።
ውሸቷን አይደለም፤ በር አለው፣ ጥበቃ፣
ሎከር አለው፣ ሰልፍ አለው፣ የምሳ ጥበቃ።
ግን መታወቂያው ላይ፣ ከፎቶዬ በታች፣
«የአቅም ማሻሻያ» የምትል ቃል አለች።
(ውጤቴ ሁለት መቶ ዐሥራ አንድ ነው፣ ከስድስት መቶ።
ይህን መስመር ቤት ላስመታው ብል እምቢ አለኝ።)

ጠዋት ጠዋት ዶርም ውስጥ፣ ቧንቧ ጋ ሲሰለፉ፣
«ዲፓርትመንት?» ይላሉ ነባሮቹ ሲያልፉ፤
ሳሙና አብዝቼ ጥርሴን እቦርሻለሁ፤
አፍ አረፋ ሲሞላ መልስ አይጠየቅም፤ ደርሼበታለሁ።

ሰኞ ሁለት ሰዓት፣ በኪቶ ፉርዲሳ፣
ሰማንያ ልጆች፣ ወንበሩ ግን ስድሳ፣
መምህር ዋቅጅራ ሞጁሉን ሳይከፍተው
አንዲት ነጭ ጠመኔ ለሁለት ሰበረው።
«ከክፍልፋይ እንጀምር።»
ከኋላ አንዱ፣ «አራተኛ ክፍል መለሱን እንዴ?» አለ።
እኔም በሆዴ ስቄያለሁ፤ አልደብቅም፤
ለዚህ ነው እንዴ ጎጀብን የተሻገርኩት?

«ግማሽን ለግማሽ ስናካፍል፣ ስንት?»
«ሩብ!» አልነው ባንድ አፍ፣ ባንድ ድምፅ፣ በድፍረት።
አልሳቀም። አልተቆጣም። ጠመኔውን ይዞ ቆመ፤
ጣሪያው ላይ ዝናቡ ብቻውን አጉረመረመ።

ያኔ ሰኪና አባመጫ፣ ያጋሮዋ ልጅ፣
ሻርፗን ወደ ኋላ መልሳ፣ አወጣች እጅ፦
«ሕጉን በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ሁለተኛውን ገልብጦ ማባዛት ነው።
ለምን እንደሚገለበጥ ግን፣ ቲቸር፣ ማንም አልነገረኝም።
ለምንድን ነው?»

ገልብጦ።
ዐሥራ ሁለት ዓመት እኔም ገልብጫለሁ፤
ከሰሌዳ ወደ ደብተር፣ ከደብተር ወደ ፈተና፣
ሲመቸኝም ከጎኔ ካለው ልጅ ወደ እኔ፣
ነጥቡን ሳላስቀር፣ ስህተቱንም ሳላጓድል።
ለምን ብዬ የጠየቅሁበት ቀን ትዝ አይለኝም፤
ጠይቄ ከነበረም፣ ደወል ተደውሎ ይሆናል።

መምህሩ አንዷን ስባሪ ከሌላዋ ጎን አስጠግቶ፣
«በዚህች ውስጥ» አለ፣ «ይህችን የምታህል ስንቴ ትገባለች?»
«አንዴ» አለች ሰኪና፣ ቀስ ብላ፣
የጠፋባት ስም ትዝ እንዳላት ሴት።
ማንም አላጨበጨበም። ሰማንያ እስክሪብቶ ግን
ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይገለብጥ ቆመ።

ተአምር እንዳይመስላችሁ፤ ገና ሦስት ወር ይቀራል፣
ሃምሳ ያላመጣ ሁሉ ሻንጣውን ይሸክፋል።
ከኮንሶ የመጣው ኩሴ አልጠበቀም ውጤቱን፤
አንድ ሌሊት ተነሥቶ አጣጥፎ ፍራሹን፣
ከትራሴ ሥር ትቶልኝ ሄደ ሞጁሉን።
እስከ ገጽ አርባ በእርሳስ ሠርቷል፣ እየፋቀ፣ እየደገመ፤
ከዚያ ወዲያ ወረቀቱ ንጹሕ ነው።
ከአርባ አንድ ጀመርኩለት።

እሁድ ማታ እማዬ ደወለች፤ ኔትወርኩ ይቆራረጣል።
«ምን ያስተምሩሃል?»
ልዋሽ ነበር። ሕክምና፣ ምሕንድስና፣ አንዱን ልል።
«ክፍልፋይ» አልኩ።
ዝም አለች። ከኋላዋ የጎረቤት ውሻ ይጮኻል።
«ግማሽ ኪሎ ቅቤ አለሽ እንበል፣ እማ፤
የምትሰፍሪበት ጣሳም ግማሽ ኪሎ የሚይዝ ነው።
ስንት ጣሳ ይወጣዋል?»
«አንድ ነዋ!» አለችኝ፣ ሳታስብ፣ እየሳቀች፣
«ለዚህ ነው እንዴ፣ ልጄ፣ ጎጀብን የተሻገርከው?»

«ለዚህ ነው» አልኳት።
«ሩብ» ማለቴን ግን አልነገርኳትም።